የብርቱዎች ቃሬዛ

በድሮ ዘመን፣ ጥድ አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። የተቀመጠችው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ከመዘቅዘቋ የተነሳ ዶሮ እንቁላል ስትጥል እንቁላሉ ተንከባሎ ጎረቤት ቤት ይፈለፈል ነበር። ያላመነ ሄዶ ዶሮዎቹን ይጠይቅ።

በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች አጭር ነበረች፤ ብልህ ነበረች፤ ባሏም ሞቶባት ነበር። ከማጠሯ የተነሳ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ ሌላው ሰው ሁሉ ይረጥብና እሷ ጋ የሚደርሰው በማግስቱ ነው።

በዚያችው መንደር ቢተው የሚባል ሰው ነበር። ቢተው ረጅም ነበር፤ ብርቱ ነበር፤ ታሞም አያውቅም ነበር። ሲስቅ ማዶ ያለች ላም ደንግጣ ወተቷን ትሰውራለች። ሰባት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሰባቱም ጎጆ ወጥተዋል። በበዓል ቀን አባታቸው ቤት ሲሰበሰቡ ግድግዳው ወደ ውጭ ያብጥ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ ልጆች፤ ነገሩ የተጀመረው በቃሬዛ ነው።

ጥድ አፋፍ አንድ ቃሬዛ ነበራት። ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨት፣ መሃሉ በጠፍር የተጠላለፈ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰው ሲታመም ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ሲነፋ አርባ ቤት ይከፈታል፤ ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይወጣል። ወንድ ካለ የወንድ ትከሻ፣ ወንድ ከሌለ የሴት ትከሻ። በሽተኛውን ይዘው ገደሉን ይወርዳሉ፣ ወንዙን ይሻገራሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ። አራቱ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይተካሉ፤ እነሱም ሲደክማቸው ሌሎች አራት። አዋቂዎቹ ያሉት ማዶ ነዋ! አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ ማዶ፣ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያድነው መድኃኒተኛ ማዶ፣ እምዬ ትብለጥ የሚባሉት አዋላጅም ማዶ።

ቃሬዛው ሦስት ሕግ ነበረው። ከየቤቱ አንድ ትከሻ። የባሰበት ይቅደም። ለምን ታመምክ ተብሎ አይጠየቅ።

ሕጉ ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ የጭቃ ሹሙን ጣት እሾህ ወጋው። በዚያው ቀን ሸክላ ሠሪዋን እባብ ነደፋት። ጭቃ ሹሙ ቀድሞ ደርሶ፣ ጣቱን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ ነበር። መንደርተኛው ምን አደረገ? ቃሬዛውን ዘንበል አደረገና ጭቃ ሹሙን እንደ እህል ዘረገፈው! ሸክላ ሠሪዋን ጫነ። ጭቃ ሹሙም አቧራውን አራግፎ፣ የተወጋች ጣቱን ወደ ላይ እንዳቆመ፣ በሌላው ትከሻው ተሸከመ። ሸክላ ሠሪዋም ዳነች።

እንዲህ ሆነው ኖሩ። እንዲህ ሆነው በኖሩ መልካም ነበር።

አንድ ቀን ግን ቢተው አባ ተድላን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። አባ ተድላ ያን ተራራ ገና ጉብታ ሳለ የሚያውቁት ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ወር ሲታመሙ ሦስተኛቸው ነው። ቢተው ዳገቱ መሃል ላይ ቆም አለና አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልነበረ ላብ አጠመቀው።

"ስንት ጊዜ ተሸከምኩ?" አለ በሆዱ። "ብዙ ጊዜ። ስንት ጊዜ ተሸከሙኝ? አንድም ጊዜ። ታዲያ እኔ ቢተው ነኝ ወይስ አህያ?"

በማግስቱ ብርቱዎቹን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

"ወንድሞቼ! እኛ እንሸከማለን፣ እነሱ ይታመማሉ። እኛ እንሸከማለን፣ እነሱ ይስላሉ። እኛ እንሸከማለን፣ እነሱ ያረጃሉ። ከእንግዲህ ብርቱ ብርቱን ይሸከም፤ ደካማም ደካማን ይሸከም። ማን ተበደለ?"

"ማንም!" አሉ ብርቱዎቹ። ብርቱ ሰው አንድ ላይ ሲጮህ እውነት ይመስላል።

ከአርባው ቤት ሠላሳ አንዱ፣ የቢተውም ቤት ጭምር፣ ወደ ብርቱዎቹ ወገን ሄደ። አዲስ ቃሬዛ ሠሩ። እንጨቱ የተላገ፣ ጠፍሩ ቀይ፣ ላዩ ላይ ነጭ የበግ አጎዛ የተነጠፈበት። ከማማሩ የተነሳ ያየው ሁሉ መታመም ያምረው ነበር። ስሙንም የብርቱዎች ቃሬዛ አሉት።

ለአሮጌው ቃሬዛ ዘጠኝ ቤት ቀረለት። አባ ተድላ ቀሩ። አንድ እግሩ ያጠረው ዋለልኝ ቀረ። ሸክላ ሠሪዋ ቀረች። ሁለት እህትማማቾች ቀሩ፤ አንድ ሳል ነው ያላቸው፤ አንዷ ትጀምረዋለች፣ ሌላዋ ትጨርሰዋለች። ሌሎች እንደነሱ ያሉ ሦስት ቀሩ። ዘጠነኛዋ አንጓች ነበረች።

አንጓች ግን ለራሷ አልነበረም የደነገጠችው።

ጠጂቱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ጠጂቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ሩቅ አገር ሄዷል። በጥር መጀመሪያ፣ ገና መራመድ ስትችል፣ እናትና ልጅ ቀስ እያሉ ማዶ ተሻግረው እምዬ ትብለጥ ዘንድ ሄደው ነበር። እምዬ ትብለጥ በዚያ ስንቱን ባዋለደ እጃቸው የጠጂቱን ሆድ ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ።

"አንጓችዬ፣" አሉ በመጨረሻ፣ "ሕፃኑ አግድም ነው የተኛው። ምጥ ሲጀምራት ሳትውይ ሳታድሪ አምጪልኝ። እጄ ከደረሰ ሁለቱንም አተርፋለሁ።"

"ካልደረሰስ እምዬ?"

እምዬ ትብለጥ ጎንበስ አሉና የጠጂቱን ነጠላ አስተካከሉላት።

አንጓች ልጇን እዚያው እንዳትተዋት፣ የእምዬ ትብለጥ ጎጆ ከመጥበቡ የተነሳ ጥላቸው እንኳ ውጭ ነው የሚያድረው፤ ያም ሆኖ ሦስት አራስ ተኝቶበታል። እሳቸው እንዳይመጡ፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰባት ዓመቱ ነው። እንግዲህ ለጠጂቱ ያላት ቃሬዛ ነው። ለቃሬዛ ደግሞ ትከሻ ያስፈልጋል።

አንጓች ዘጠኙን ሰበሰበችና "እስቲ እንሞክር" አለች። ቃሬዛው ላይ አንድ ስልቻ ገብስ ጫኑ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብለው አነሱ። በአንዱ ወገን ዋለልኝ አነከሰ፤ በሌላው ወገን እህትማማቾቹ ሳሉ፤ አንጓች ከማጠሯ የተነሳ በሷ በኩል ቃሬዛው ዘመመ። ስልቻው ተንሸራቶ ወረደና ቁልቁለቱን ብቻውን ሄደ። ገደሉ ድረስ ተሸካሚ አላስፈለገውም።

ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠው ይስቁ ጀመር። አንጓችም ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ግን እንባ ሆነ።

አባ ተድላ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉ። "አይዞሽ ልጄ። እኔ ትከሻ የለኝም፤ ድምፅ ግን አለኝ። ቀኗ ሲደርስ እስከ ማዶ እየዘመርኩ እሸኛታለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባ። ድምፅዎ ግን ሕፃን አያዞርም።"

ተነሳች። አፍንጫዋን ጠረገች። ቢተው ደጅ ሄደች።

"እንደምን አለህ አያ ቢተው?"

"እንደ ቋጥኝ!" አለ ቢተው ደረቱን እየደቃ።

"ልጄ ልትወልድ ቀኗ እየቀረበ ነው። የናንተ ቃሬዛ ይሸከምልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።"

"ልጅሽ ብርቱ ናት?"

"ብርቱ ብትሆን በእግሯ ትሄድ አልነበር?"

ቢተው አገጩን አከከ። "እሱማ አይሆንም እቴ። ሕጋችን ብርቱን ነው የሚለው። ግን አታዝኚ። እንዲህ አድርጊ፤ ስትበረታ አምጫት፤ ያን ጊዜ እንሸከማታለን።"

አንጓች ይቀልድ እንደሆነ ብላ ፊቱን አየችው። አይቀልድም። ቢተው ተቀልዶበት እንጂ ቀልዶ አያውቅም።

ዘወር ብላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ በሦስተኛው ቆመች። "ስትበረታ አምጫት" ያላት ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ይኮረኩራት ጀመር። ብርቱ ሰው ቃሬዛ ላይ አይወጣም። ቃሬዛ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ብርቱ አይደለም። ታዲያ ያ ያማረ ቃሬዛ ማንን ሊሸከም ነው?

ተመለሰች።

"አያ ቢተው፣ ቃሬዛችሁ እንዴት ያምራል! ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።"

"ምን?"

"ጠባቂ። ደካማ ሰው ብርቱ መስሎ ተደብቆ ቢገባባችሁስ?"

ቢተው ደነገጠ። ይህን አላሰበውም ነበር። "በምን ይታወቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። ባሌን ሦስት ዓመት አስታምሜአለሁ። የሚያመው ሰው እንዴት እንደሚስቅ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት አድርጎ 'ደህና ነኝ' እንደሚል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በየቅዳሜው አንድ አንዱን ልመርምርላችሁ።"

"በምላሹ ምን ልትፈልጊ ነው?"

"ደካማ ሆኖ የተገኘውን እናንተ አስወጡት፤ ለኛ ቃሬዛ ትከሻ ይሁነን።"

ቢተው ሳቀ፤ ማዶ ያሉት ላሞች ሁሉ ወተታቸውን ሰወሩ። "ገለባውን ውሰጂ! ፍሬው ለኛ ይበቃናል!"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ብርቱዎቹ ዋርካው ሥር ቆሙ። አንጓች ሙቀጫ ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች፤ እንዲያ ካልሆነ የምትመረምረው ጉልበታቸውን ብቻ ነው። መጀመሪያ በላቸው ቀረበ። በላቸው ትግል የሚወድ ሰው ነው፤ የሚታገለው ሰው ሲያጣ ከጥድ ጋር ይታገላል፤ ጥዱም ይሸነፋል።

አንጓች ያን መዶሻ የሚያህል እጁን በሁለት ትናንሽ እጆቿ ያዘች። ዓይን ዓይኑን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"በላቸው፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?" አለችው።

"ምንም አያመኝም!"

"የት ላይ ነው የሚያምህ?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ!"

"በላቸው፣ የኔ ወንድም፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?"

በላቸው ወዲያና ወዲህ አየ። ጎንበስ አለና ጆሮዋ ላይ፣ "ጥርሴን" አላት።

"ከመቼ ወዲህ?"

"ካለፈው ፋሲካ ወዲህ።"

"ውይ! ማን ያውቅልሃል?"

"በሬዬ።"

በላቸው የሚያንሾካሹክ መስሎት ነው እንጂ የሱ ሹክሹክታ ሦስት መንደር ይሰማል። ቢተው ተነሳና በጣቱ ወደ ውጭ እያመለከተ፣ "ውጣ!" አለ።

በላቸው ራሱን ደፍቶ ወደ ዘጠኙ ሄደ። ዘጠኙ ለምን ታመምክ አላሉትም። ሸክላ ሠሪዋ ቅርንፉድ ጥርሱ ላይ አደረገችለት፤ ዋለልኝ እያነከሰ እስከ ማዶ አብሮት ሄደ፤ መድኃኒተኛውም ያችን ክፉ ጥርስ ነቀላት። በማግስቱ በላቸው ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሎ በላ። ሲቆረጥም ሰው መብረቅ መስሎት በሩን ዘጋ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ገረመው ቀረበ። አንጓች እጁን ያዘች። "ገረመው፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?" አንዴ ጠየቀች፣ ካደ። ሁለቴ ጠየቀች፣ ካደ። በሦስተኛው አመነ።

"ዓይኔን አንጓችዬ። አባ ተድላ መስለውኝ ዓመት ሙሉ ለጉቶ እጅ ስነሳ ከረምኩ። ደግሞ ምንም አይመልሱም፣ ተቀይመውኛል ብዬ ስጨነቅ!"

"ውጣ!" አለ ቢተው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አበጀ ቀረበ። አበጀ የቢተው የበኩር ልጅ ነው። አንጓች ሙቀጫው ላይ ሆና እጁን ስትይዝ ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አሰገገ። አበጀ እንደሌሎቹ አልካደም። ገና አንዴ ስትጠይቀው፣

"ወገቤን" አላት። "ጎንበስ ስል የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። አባቴ እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው የደበቅኩት።"

ሁሉም ወደ ቢተው ዞረ። ቢተው አፉን ከፈተ፤ "ው..." አለና ቆመ። ልጁን አየ፤ ቃሬዛውን አየ። ሕግ ሕግ ነው።

"ውጣ" አለ። ያን ቀን ድምፁ ላም አላስደነገጠም።

አንጓች ከሙቀጫው ስትወርድ ልቧ ተረበሸ። የመጣችው ለልጇ ትከሻ ልትለቅም ነበር። አሁን ግን የያዘቻቸው እጆች ሙቀት መዳፏ ላይ ቀርቶ አልለቅ አላት። እነዚህ ቋጥኝ የሚያክሉ ሰዎች፣ ለካ ከእናታቸው ወዲህ የት ላይ ነው የሚያምህ ብሎ የጠየቃቸው የለም!

ከዚያ ወዲያማ ነገሩ ተገለበጠ። በአራተኛው ቅዳሜ ብርቱዎቹ ራሳቸው ተሰልፈው ጠበቋት።

"እኔንም ጠይቂኝ!"

"ተራህን ጠብቅ፣ እኔ ጉልበቴን ነው!"

"ሂድ ወዲያ፣ ያንተ ጉልበት ከኔ ጨጓራ ይበልጣል?"

አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ኩላሊቱን፣ አንዱ ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የማይለቅ ስቅታ። አንዱ ምንም አላመመውም፤ ወረፋው ውስጥ ብቻውን ጤነኛ መሆኑ ከበደውና "እስክታመም ድረስ አብሬያችሁ ልሁን" ብሎ ወጣ። "ውጣ!" ይላል ቢተው። ይወጣሉ። "ውጣ!" ይላል። ይወጣሉ። መጋቢት ሲገባ ሠላሳው ወጥቶ አልቋል።

ቢተው ብቻውን ቀረ። ባማረው ቃሬዛው አጠገብ በርጩማ አድርጎ ተቀመጠ። አንዳንዴ ተነስቶ አንዱን ጫፍ ያነሳል፤ ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ይቀራል። ያስቀምጠዋል። ዞሮ ያንን ጫፍ ያነሳል፤ ያኛው ይቀራል።

በመጋቢት አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠጂቱ ውሃ ልትጠጣ ቅሉን አንስታ፣ ሳትጠጣ ጣለችው።

"እማዬ!"

ጡሩምባው ተነፋ። ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ተከፈተ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ትከሻ ወጣ። ጠጂቱን አሮጌው ቃሬዛ ላይ አስተኟት። "ማርያም ትቅረብሽ!" አሉ ሴቶቹ። "በርቺ እህቴ!" አሉ ወንዶቹ። ሁሉ ነገር መልካም ነበር፣ አንድ ወሬ ባይመጣ። ዋለልኝ ወንዙን ሊያይ ቀድሞ ሄዶ እያነከሰ ሲሮጥ ተመለሰ።

"ላይኛው አገር ዘንቧል! ወንዙ ሞልቷል! የረጅም ሰው ደረት ይደርሳል፤ አጭር ሰውንማ ይውጠዋል!"

አንጓች ጠጂቱን አየች። ጠጂቱ ከንፈሯን ነክሳ ሰማዩን ታያለች። መሃል ወንዝ ገብቶ ቃሬዛ ከውሃ በላይ የሚይዝ ቁመት ያለው በዚያ መንደር አንድ ሰው ብቻ ነው።

"እናንተ ቁልቁለቱን ጀምሩ!" አለችና ሮጠች። ያቺ አጭር እግር ያን ቀን መሬት አልነካችም ይላሉ።

ቢተው በርጩማው ላይ ነበር።

"አያ ቢተው! ወንዙ ሞልቶብናል! ና!"

"እንዴት ልምጣ?" አለ ቢተው ቀና ሳይል። "የደካሞች ቃሬዛ ነው። እኔ ብርቱ ነኝ። ሕጉን ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ እኔው ላፍርሰው? ልጄን እንኳ ያባረርኩበት ሕግ ነው።"

ልትጮህበት አሰበች። ልትለምነው አሰበች። ልትረግመው አሰበች። ጊዜ አልነበራትም፤ ቢሆንም ተንበርክካ እጁን ያዘች። ተቀምጦ ስለነበር ሙቀጫ አላስፈለጋትም፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ቢተው፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?"

"አያመኝም። ታምሜ አላውቅም።"

"የት ላይ ነው የሚያምህ?"

"ተይኝ አንጓች።"

"ቢተው፣ የኔ ወንድም፣ የት ላይ ነው የሚያምህ?"

ቢተው ያንን ሰፊ መዳፉን አነሳና ደረቱ ላይ አደረገው።

"እዚህ" አላት። "ከልጄ ወዲህ ነው። ስተኛ ይመጣብኛል። 'ነገ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?' ይለኛል። እቆጥራለሁ፤ ልጆቼን እቆጥራለሁ፤ ጎረቤቶቼን እቆጥራለሁ፤ ሁሉም በወዲያኛው ቃሬዛ ናቸው። ያን ጊዜ እዚህ ጋ ይጨመድደኛል።" እንባው ዱብ አለ። የቢተው እንባ ነውና ሥሩ ቆማ የነበረች አንዲት ጫጩት ዋኝታ ነው የዳነች።

አንጓች እንባውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ በተቻላት መጠን ኮስተር ብላ፣

"ውጣ!" አለችው።

ቢተው ተነሳ። እንደሱ ደስ ብሎት የተባረረ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። አጎዛውን ካማረው ቃሬዛ ላይ መዝዞ፣ አንጓችን በብብቱ ሥር ይዞ፣ ቁልቁለቱን በሰባት እርምጃ ወረደ።

ወንዙ ዳር ደረሰ። አጎዛውን ጠጂቱ ወገብ ሥር አደረገላት። የቃሬዛውን የፊት ጫፎች ሁለቱንም፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ትከሻው አድርጎ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። የኋላውን ሁለት ልጆቹ በእጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙ። አበጀ ወገቡን ስለሚያመው አልተሸከመም፤ በጎን እየሄደ የጠጂቱን እጅ ያዘ። በላቸው ከላይ በኩል ቆሞ ጎርፉን በደረቱ ታገለ፤ ጎርፉም እንደ ጥዱ ነው የሆነው። ገረመው አንጓችን አንገቱ ላይ አወጣት። እሱ አያይም፣ እሷ አትደርስም። "ወደ ቀኝ! ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ!" ትለዋለች፤ እሱ ይራመዳል። አባ ተድላ ዳር ላይ ቆመው ዘመሩ፤ ጠጂቱም ምጥ በመጣባት ቁጥር ዜማቸውን ይዛ ተነፈሰች።

ቢተው መሃል ላይ ሲደርስ ውሃው ብብቱ ድረስ መጣ። ጠጂቱን አንድ ጠብታ አልነካትም። ዳር የቀሩትንም፣ አባ ተድላን ጨምሮ፣ ረጃጅሞቹ ተመላልሰው አዝለው አሻገሯቸው።

እምዬ ትብለጥ ደጃቸው ላይ ነበሩ። እጃቸውን በሙቅ ውሃ ታጠቡ፣ ቅቤ ቀቡ፣ ገቡ። በሩ ተዘጋ። አርባ ትከሻ ውጭ ቀረ። ውስጥ የእምዬ ትብለጥ ድምፅ ይሰማል፤ "ቀስ... ቀስ... ዙር የኔ ጌታ፣ ዙር የኔ እመቤት፣ ራስህን አምጣ፣ ራስሽን አምጪ..."

አንጓች ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆመች። ያቺ የማታርፍ ምላስ ያን ጊዜ ብቻ አረፈች።

ከዚያ፣ "እንቧ!"

ሴት ልጅ ናት። እናቲቱም ደህና ናት። ለሴት ልጅ ልማዱ ሦስት እልልታ ነው፤ ግን አርባው ሰው፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እልል ሲል ወንዙ ደንግጦ ጎደለ። ሲመለሱ ቁርጭምጭሚታቸው እንኳ አልረጠበም።

ጠጂቱ ቤቷ ገብታ ሳምንት ሲሞላት ብርቱዎቹ፣ ማለቴ የድሮዎቹ ብርቱዎች፣ አንድ ነገር ገባቸው።

"ቆይ ቆይ!" አለ በላቸው። "ይቺ ሴት አታላናለች እኮ!"

ነገሩ ዋርካው ሥር ለዳኝነት ቀረበ። አባ ተድላ ዳኛ ሆኑ። አንጓች መሃል ቆመች፤ እንድትታይ ሙቀጫው ላይ አወጧት።

"አታለሻል አላታለልሽም?" አሉ አባ ተድላ።

"አታልያለሁ አባ። ጠባቂ እሆናለሁ ብዬ ነው የገባሁ፤ ሐሳቤ ግን ለልጄ ትከሻ መልቀም ነበር። ጥያቄዬ ግን ውሸት አልነበረም። ማንንም ታመም አላልኩም። የት ላይ ነው የሚያምህ ነው ያልኩ።"

"ስለዚህ ጥፋተኛ ነሽ" አሉ አባ ተድላ። "የተፈረደብሽም ይሄ ነው። የአራስ ገንፎ ታገነፊያለሽ። ለአርባ ቤት። ቅቤው መሃሉ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቶ፣ በርበሬው እላዩ ላይ ዋኝቶ። ሁሉም እስኪጠግብ!"

አንጓች ቤቷ ገብታ ዱቄቷን አየች። ለአንዲት አራስ ለአንዲት ጠዋት የምትሆን እፍኝ ናት። እሷን ይዛ ወጣች፤ የተፈረደባት ነውና።

ደጅ ላይ ሸክላ ሠሪዋ አዲስ ድስት ይዛ ቆማለች። ድስቱ ከመተለቁ የተነሳ ማማሰል የሚቻለው ውስጡ ገብቶ ነው። እህትማማቾቹ ገብስ ፈጭተው፣ አንዷ ስትስል ሌላዋ እየነፋች፣ አምጥተዋል። በላቸው በርበሬ፣ ገረመው ቅቤ፤ ቅቤው የጎረቤቱ ነበር፣ ዓይኑ አሳስቶት ነው፤ ጎረቤቱም "ይሁን፣ እኔም ላመጣው ነበር" አለ። ቢተው እፍኟን ከእጇ ተቀብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ድስቱ ውስጥ ጨመራት። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ማማሰል ጀመረ፤ ሲያማስል እስከ ማዶ ይሸት ነበር።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ማን ይብላ በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። ቢተው ትልቅ ነውና ይቅደም ያሉ ነበሩ። ቢተው ራሱ ሰማቸውና ማማሰያውን አነሳባቸው።

"የባሰበት ይቅደም!" አለ። ጉርሻውንም ይዞ፣ ደጃፉ ሲያስጎነብሰው ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ጠጂቱ ገባ።

ያማረው ቃሬዛስ? እስከ ዛሬ ድረስ እንዳማረ ነው። ማንንም አልተሸከመማ፤ በምን ያርጅ?

እንግዲህ ልጆች፣ ነገሩ ይሄ ነው። ጤነኛ ማለት ተራው ያልደረሰ በሽተኛ ነው። ትከሻህን ለራስህ ብቻ ያስቀመጥክ እንደሆነ፣ በታመምክ ቀን የራስህ ትከሻ ራስህን አይሸከምም። የሰው ደጅ ስትሄዱ ስንት ጊዜ ተሸክሞኛል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ እጁን ያዙና የት ላይ ነው የሚያምህ በሉት።

ተረቱን እዚህ ድረስ ተሸክሜ አምጥቻለሁ። ደከመኝ፤ ከዚህ ወዲያ ትከሻ ያለው ይቀበለኝ።